አይስጉ፣ እየመጣን ነው

ሴትዮዋ የሞተችው ተቀምጣ ነበር። ጀርባዋን በሁለት ትራስ አስደግፋ፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ፣ እንግዳ እንደምትጠብቅ ሰው። ከአፍንጫዋ የወረደው ቀጭን ቱቦ በብርድ ልብሱ ላይ ሄዶ አልጋው እግር ስር ከቆመው የኦክስጅን ሲሊንደር ጋር ይገናኛል። ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብሎ የሲሊንደሩን መለኪያ አየ። ቀስቱ ዜሮ ላይ ነው። በጥፍሩ ኳ ኳ አደረገው፤ ንቅንቅ አላለም።

ይሄን ኢንስፔክተር መሥሪያ ቤት ውስጥ «ቀስ በሉ» ነው የሚሉት። ሌላው ፖሊስ በር ሰብሮ ሲገባ እሱ መጀመሪያ እጀታውን ይሞክራል። አለቆቹን ያበሽቃል፤ ረዳቱን ሳጅኗንም አልፎ አልፎ ያበሽቃታል። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በራሱ እርምጃ ይሄዳል።

የሟቿ ልጅ አናጢ ነው። እናቱ በደህናው ጊዜ ልብስ ትሰፋበት የነበረው መኪና አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጦታል። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ።

«ምን ሆነ ወንድሜ? ቀስ ብለህ ንገረኝ» አለው ኢንስፔክተሩ።

«ሰኞ ጠዋት ሲሊንደሩ ሊያልቅ መሆኑን አይቼ አዘዝኩ። ሁሌም በስልኬ ነው የማዝዘው፣ በድርጅቱ ገጽ ላይ። ከሰዓት ሳይሆን ያመጡልናል። ቀሩብኝ። ሲመሽ ደግሜ አዘዝኩ።»

«ምን መለሱልህ?»

አናጢው ስልኩን አዙሮ አሳየው። ገጹ እንደተከፈተ ነው። ከትዕዛዙ ስር በትልልቅ ፊደል እንዲህ ይላል፦ «ትዕዛዝዎ ደርሶናል። አይስጉ፣ እየመጣን ነው።»

«ከታች ያለው ስልክ ላይ አልደወልክም?»

«ደወልኩ እንጂ። ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ስላት እናቴ እምቢ አለች። 'እየመጣን ነው ብለዋል አይደል፣ መንገድ ላይ ብንተላለፍስ' አለችኝ።» ቀኝ እጁን አነሳና ለኢንስፔክተሩ ዘረጋለት። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፣ የአንዱ ጫፍ በመጋዝ ተቆርጧል። «እስቲ ይህን ጣት ይዩት። መስተዋት መንካት አይችልበትም። ሳልጭነው ቀርቼ ይሆን? የተሳሳተ ነገር ጫንኩ ይሆን? እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ወይ ጌታዬ?»

ኢንስፔክተሩ የተዘረጋውን እጅ ያዘ። አይደለህም ሊለው አፉ ላይ መጣ፣ ግን የማያውቀውን ነገር መናገር አይወድም።

«አጣራለሁ» አለው። «መልሱን ራሴ ነው የምነግርህ። ስልኩን ግን ስጠኝ፣ ገጹንም እንዳትዘጋው።»

ሳጅኗ ስልኩን ተቀብላ ባትሪው እንዳያልቅ በመኪናቸው ቻርጀር ላይ ሰካችው።

*

የኦክስጅን ድርጅቱ ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። ግቢው ውስጥ አረንጓዴ ሲሊንደሮች በሰንሰለት ታስረው ቆመዋል። የድርጅቱን ባለቤት ሠራተኛውም ደንበኛውም «እትዬ» ይላታል። ፀጉሯን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ስታወራ ሰው ዓይን ውስጥ የምትገባ ሴት ናት። ድርጅቱን የመሠረተችው ከታናሽ ወንድሟ ጋር ነው፤ ወንድሟ ከዓመት በፊት በሕመም አርፏል። ፎቶው ከጠረጴዛዋ ጀርባ ተሰቅሏል።

ፖሊስ ለምን እንደመጣ ስትሰማ እትዬ ወደ ኮምፒውተሯ ተንደረደረች። የአናጢውን ስም ፈለገች። የለም። ሰኞ ጠዋትም የለም፣ ሰኞ ማታም የለም።

«አላዘዘም» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ኢንስፔክተሩ የስልኩን ገጽ ሲያሳያት ፊቷ አመድ መሰለ። ከሩቅ ሆና የራሷን ድርጅት ስም አነበበች፣ ያችን «ደርሶናል» የምትል ቃል አየች፣ ሌላውን ለማየት ዓይኗ አልጠበቀም። ወዲያው ወደ ሠራተኞቿ ዞረች። «ወደ ሁሉም ደንበኛ ቤት ደውሉ። ኦክስጅን የጎደለበት ሰው ካለ መኪናውን አሁን አስነሱ።»

ሲደወል ጉዱ ወጣ። ትዕዛዝዎ ደርሶናል ተብለው የቀሩ ሌሎችም ነበሩ፤ ሦስቱ ሐኪም ቤት ገብተዋል። ስልክ በተደወለ ቁጥር እትዬ ከንፈሯን እየነከሰች ቆማ ትሰማለች። በመጨረሻ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

«ስማችንን ሰርቀውታል» አለች። «ሰው በእኛ ስም ሌላ ቤት እንዲገባ አድርገዋል። ማን እንዳደረገው ደግሞ አውቃለሁ።»

«ማን ነው?»

«የኮምፒውተር ባለሙያዬ። ባለፈው ወር አባረርኩት። ሲወጣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ ምን አለኝ መሰለህ? 'አንድ ቀን በዚህ ስም ሰው ይሞታል' አለኝ።» ኢንስፔክተሩን እጁን ያዘችው። «ወንድሜ ይህን ቤት ያቆመው ሰው ትንፋሽ አጥሮት እንዳይሞት ነው። ያንን ሰው ያዝልኝ። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

*

ባለሙያው ቤቱ ተገኘ። ቀጭን፣ መነጽሩን በሽቦ የጠገነ ሰው ነው። ሲያዙት አልተከራከረም፤ ሰው መሞቱን ሲሰማ ብቻ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሁሉም ነገር እሱ ላይ ጠቆመ። የድርጅቱ ዘበኛ እሑድ ዕለት ቢሮው ዝግ ሆኖ ሳለ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ በደረጃው ስር ወዳለችው የኮምፒውተር ክፍል መግባቱን ተናገረ። ባለሙያው አልካደም። «የሥራ ዕቃዬ እዚያ ቀርቶ ነበር። ቁልፉም እኔ ጋ ነበር። ዕቃዬን ወሰድኩ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠሁ፣ ሄድኩ» አለ።

ሳጅኗ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘች። ትዕዛዛቸው የቀረባቸው ሰዎች በሙሉ የአንድ ስልክ ኩባንያ ደንበኞች ናቸው። በሌላኛው ኩባንያ መስመር ያዘዘ ሰው ሁሉ ኦክስጅኑ ደርሶታል። የኩባንያው መሐንዲስ ሲጠየቅ እንዲህ አለ፦ «የእኛ ማሽን የድርጅቱን ስም አድራሻ የጠየቀው እሑድ እኩለ ቀን ላይ ነው። የተነገረውን ቁጥር ያዘ፣ ለደንበኞች ነገረ። እኛ የፈጠርነው ነገር የለም።»

እሑድ፣ እኩለ ቀን። ባለሙያው በክፍሉ ውስጥ የነበረበት ሰዓት። ይባስ ብሎ የሚስቱ ወንድም እዚያው ስልክ ኩባንያ ውስጥ ይሠራል። እትዬ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከእናቷና ከዘመዶቿ ጋር በወንድሟ መቃብር ነበረች፤ ያረፈበት ቀን ነበር። ሠራተኞቹም እያንዳንዳቸው የት እንደዋሉ ተጣርቷል።

«በቃ አለቀ» አለ የኢንስፔክተሩ አለቃ። «ክሱን አዘጋጅ።»

«ቀስ እንበል» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሰውዬው ዝቷል፣ ቁልፍ ይዟል፣ ሰዓቱ ላይ ተገኝቷል። አንተ ደግሞ ምን እስኪመጣልህ ነው የምትጠብቀው?»

ኢንስፔክተሩ ፋይሉን ከጠረጴዛው አነሳ። ከቢሮው ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አናጢው ብድግ አለ። ከቀብሩ ወዲህ እየመጣ እዚያ ይቀመጣል። እትዬም ትመጣለች፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ ውሃ ገዝታ ትሰጠዋለች፣ እህል ቅመስ ትለዋለች። እናቱን ማን እንደገደለበት ሳያውቅ እንዳይቀር ከእሱ እኩል የምትቃጠል ሰው ብትኖር እሷ ናት።

«ሰውዬው ነው?» አለ አናጢው። «እኔ አይደለሁም ማለት ነው?»

«ገና ነው ወንድሜ።»

አናጢው ወፍራም ጣቶቹን አያቸውና ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እትዬ ግን ተከትላው መጣች። «የምን ገና ነው? እስር ቤት ቁጭ አድርገኸው ገና ትላለህ? ይህ ልጅ እንቅልፍ አጥቶ ሊሞት ነው። እኔም እንደዚያው» አለች። ዓይኖቿ ደም ለብሰዋል። ኢንስፔክተሩ ውሃ የማያነሳ ምክንያት እየደረደረ አመለጣት፤ ሰው እንዲህ ሲለምነው ባዶ እጁን መቆም እንደመሰቀል ነው የሚከብደው።

*

ቢሮው ሲገባ ሳጅኗ የአናጢውን ስልክ እንደያዘች ተቀምጣለች። ቻርጀሩ አሁንም እንደተሰካ ነው።

«አለቃ፣ ይህች ገጽ አልጣመችኝም» አለች።

«ለምን?»

«ይዩ። ከላይ ያለው ፎቶ ላይ ቀይ መኪና አለ። ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ያየናቸው መኪኖች ሁሉ ነጭ ናቸው። ጠይቄ ነበር፣ ቀዩን ከሸጡት ቆይተዋል። ከታች ያለው ስልክ ቁጥርም የድሮ ነው። ለዚያ ነው አናጢው ሲደውል የሚያነሳለት ያጣው።»

ኢንስፔክተሩ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ተቀበለ። ከቀዩ መኪና ጎን አንድ ወጣት ሲሊንደር ተደግፎ ይስቃል። ያን ፊት ያውቀዋል። ከእትዬ ጠረጴዛ ጀርባ የተሰቀለው ሟች ወንድሟ ነው።

«ሰው ሊያጭበረብር የተነሳ ሌባ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ገጽ ቢቀዳ የዛሬውን ነው የሚቀዳው። የሞተ ሰው ፎቶ ያለበትን፣ ዓመት ያለፈውን ምን ያደርግለታል?»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።»

«ሌላም አለ። ሌባ ከሆነ ምን ሰረቀ? ገንዘብ የሚከፈለው ሲሊንደሩ ሲደርስ ነው። ማንም አልከፈለም።» ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «ነይ፣ ባለሙያውን እንጠይቀው። እስከ አሁን የጠየቅነው የት ነበርክ እያልን ነው። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማንም አልጠየቀውም።»

*

ባለሙያው ከእስር ክፍሉ ሲወጣ ትከሻው ወድቋል። ሁለቱ ፊት ለፊቱ ሲቀመጡ እንኳ ቀና አላለም።

«እኔ ስለ ኮምፒውተር አላውቅም» አለው ኢንስፔክተሩ። «ለእናቴ እንደምታስረዳ አድርገህ አስረዳኝ። የድርጅት ስም እንዴት ይሰረቃል?»

ባለሙያው ሥራው ስለሆነ ምላሱ ተፈታ። «ስም ለሰው ነው እንጂ ለማሽን ምኑም አይደለም። ማሽን የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስልክዎ ላይ የድርጅቱን ስም ሲጽፉ ስልኩ መጀመሪያ 'የዚህ ስም ቁጥሩ ስንት ነው?' ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሚሰጠውን ነው እኛ ዲኤንኤስ የምንለው። የእነ እትዬ ያ ደረጃ ስር ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ሟቹ በገዛ እጁ የሠራው። ከውጭ ማንም አይነካውም፣ ኪቦርዱ ፊት መቀመጥ አለበት። እሱ የተናገረውን ደግሞ ዓለም ሁሉ ሳይከራከር ያምናል።»

«እያንዳንዱ ስልክ እየሄደ ይጠይቀዋል?»

«አይ። የስልክ ኩባንያው አንዴ ይጠይቅና መልሱን ይዞ ለደንበኞቹ ሁሉ እሱ ይነግራል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዘው የሚያዘውም ያው ኮምፒውተር ነው። ሟቹ ሁለት ቀን ያዙ ብሎታል። ያን ጊዜ መስመር ደካማ ስለነበር ነው፤ በየጊዜው እንዳይጠየቅ ብሎ። እኔ ልቀንሰው ስል እትዬ እሱ ያደረገውን አትንካ አሉኝ።»

ሳጅኗ ወደፊት ጎንበስ አለች። «ስለዚህ ኩባንያው እሑድ እኩለ ቀን የሰማውን እስከ ማክሰኞ እኩለ ቀን ሲደግም ነበር?»

«አዎ። ሌላኛው ኩባንያ ደግሞ ከዚያ በፊት የሰማውን ትክክለኛውን ይዞ ነበር። ለዚያ ነው የእሱ ደንበኞች የተረፉት።»

ኢንስፔክተሩ እጁን አነሳ። ሰው ሲቸኩል እንደሚያደርገው። «ቆይ። ቀስ በሉ። ኩባንያው የጠየቀው እኩለ ቀን ነው። ቁጥሩ የተቀየረው ግን እኩለ ቀን ነው ማለት ነው?»

«አይደለም» አለ ባለሙያው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ከጠዋት ጀምሮ ተቀይሮ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል። ኩባንያው የድሮ መልሱ ሲያልቅበት መጥቶ ጠየቀና የተሳሳተውን አገኘ።»

«ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ ምን ነበር?»

«ትክክለኛው። ሌላኛው ኩባንያ ሰኞ ሲጠይቅ ትክክለኛውን ባያገኝ የእሱም ደንበኞች ይጠፉ ነበር።»

ሳጅኗ ወደ አለቃዋ ዞረች፤ ሁለቱም አንድ ነገር ላይ ደርሰዋል። ቁጥሩን የቀየረው እጅ ተመልሶ መጥቶ አስተካክሎታል። ባለሙያው ግን እኩለ ቀን ላይ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጥቶ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ሊገባ አይችልም።

«ይህን ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ማን ጠየቀኝ? ደግሞ የማላውቀውን ሰው ነገር ከማወራ ዝም ማለት ይሻለኛል ብዬ ነው።» መነጽሩን አወለቀ። «እኔ የዛትኩ መስሏቸዋል። እየለመንኩ ነበር። ይህን ብቻ ሥራዬ ብለው የያዙ ድርጅቶች አሉ፤ የሰው ስም ይዘው የሚጠብቁ። ማሽናቸው አንድ ክፍል ውስጥ አይደለም፣ በየአገሩ ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይመልሳል። ቁጥር ሲቀየር ሁለተኛ ሰው እሺ ማለት አለበት። ማን ነካው፣ መቼ ነካው፣ ሁሉም ይታያል። ተሳስቶ የገባ ነገር ደቂቃ ሳይቆይ ይታረማል፣ ሁለት ቀን ሰው እየነዳ አይከርምም። ለሱቅ ቢሆን ግድ የለም ይባላል። ሰው የሚተነፍስበት ስም ግን ደረጃ ስር አይቀመጥም አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«'የወንድሜን እጅ ከቤቴ ልታወጣ ነው' አሉኝ። አባረሩኝ።»

*

የደረጃው ስር ክፍል ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት ጠባብ ናት። ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ያንጎራጉራሉ። አንዱ ስም የሚመልሰው ነው፤ ሌላው ድሮ ገጹ የነበረበት፣ ከተተወ የቆየ፣ ግን ማንም ያላጠፋው። ባለሙያው በሳጅኗ ታጅቦ ገባና አቧራ የጠጣውን የሁለተኛውን ስክሪን አበራው።

ትዕዛዞቹ እዚያ ነበሩ። ሁሉም። ሐኪም ቤት የገቡት ሰዎች አሉ። የአናጢው ሁለቱም አሉ፣ የጠዋቱም የማታውም፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት። ትዕዛዝ ከሚቀበሉት ሠራተኞች ወንበር ግድግዳ ብቻ ነው የሚለያቸው።

«ደርሶናል ያለው እውነቱን ነበር» አለች ሳጅኗ።

ኢንስፔክተሩ ጀርባውን ለማቅናት ይመስል ወጣ። ውጭ ዘበኛው ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እሑድ ወደዚህ ክፍል ማን ማን ገባ?»

«ነግሬህ የለ ልጄ፣ ያ ባለመነጽሩ።»

«ከእሱ ሌላ?»

«ሌላ ሰው አልገባም። እትዬ ብቻ ናቸው። ጠዋት አበባ ይዘው መጥተው በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ትንሽ ቆዩ፤ ከሰዓት ደግሞ ከመቃብር ሲመለሱ እንደገና ገቡ።»

ኢንስፔክተሩ በርጩማው አጠገብ ቁጢጥ አለ። «ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም አባባ?»

ሽማግሌው ተገረሙ። «ማን መጣ ብለህ ነው እኮ የጠየቅከኝ። ባለቤት በገዛ ቤቷ ስትገባ መጣች ይባላል?»

*

የእትዬ እናት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ፖሊስ መሆኑን ሲነግራቸው አልደነገጡም፤ በዚህ ዕድሜያቸው የሚያስደነግጣቸው ነገር አልቋል። ወንበር ሳብ አድርጎ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«እማማ፣ እሑድ መቃብር ቦታው ላይ እትዬ ምን ታደርግ ነበር?»

«ምን ታደርጋለች ልጄ፣ እንደ እኔው ታለቅሳለች እንጂ።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ምስኪን። የወንድሟን ገጽ ላሳይሽ ብላኝ ነበር። ልጄ በደህናው ጊዜ ለበሽተኛው የሚጽፋት ቃል ነበረች፤ አይስጉ የምትል። ፎቶውም እየሳቀ አለበት። ያረፈበት ቀን ነውና ለአንድ ጠዋት ሰው እንደሚያየው አድርጌ ልመልሰው፣ ቢሮውም ዝግ ነው፣ ማንም አይጎዳም አለችኝ። እዚያ ቆመን ስልኳን ብትነካካ፣ ብትነካካ፣ እምቢ አለ። የዛሬው ገጽ ብቻ ነው የሚመጣው። 'አልሰራልኝም እማዬ' ብላ አለቀሰች። እኔ ነኝ ያባበልኳት።»

«የእትዬ ስልክ የየትኛው ኩባንያ ነው እማማ?»

ነገሩት። ደንበኞቹ የተረፉለት የሁለተኛው ኩባንያ ነው።

ኢንስፔክተሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ ብሎ ቀረ።

«ገዳዩን አገኛችሁት?» አሉ እማማ። «ልጄ እህል እምቢ ብላለች።»

*

በማግሥቱ እትዬ እንደ ወትሮዋ መጣች። ኮሪደሩ ላይ ከአናጢው ጎን ከመቀመጧ በፊት ኢንስፔክተሩ ወደ ቢሮው ጠራት። በሩን ዘጋ። ሳጅኗ መስኮቱ ጋ ቆማለች።

«ባለሙያውን ለቃችሁታል አሉ» አለች ገና ሳትቀመጥ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እሱ አይደለም። እትዬ ይቀመጡ።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ኢንስፔክተሩ ብዙ ሰው ጠይቋል። እንዲህ ከብዶት አያውቅም። «እሑድ ጠዋት ደረጃው ስር ገብተው ነበር?»

«ገብቻለሁ። ምን አለበት?» ትንሽ አፈረች። «እናቴን የወንድሜን ገጽ ላሳያት ፈልጌ ቁጥሩን ቀይሬው ነበር። እሱ ነው በቁሙ ያስተማረኝ። አልሰራልኝም እኮ። ከሰዓት ተመልሼ ወደ ቦታው መለስኩት። ማንም አላየውም። እኔ ራሴ አላየሁትም።»

«አዩት።»

«ማን?»

ኢንስፔክተሩ መሳቢያውን ስቦ የአናጢውን ስልክ አወጣና ፊቷ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያን ዕለት ከሩቅ ሆና ያየችው፣ ዓይኗ ያልጠበቀው ገጽ ነው። አሁን ጎንበስ ብላ አየችው። ቀዩን መኪና አየች። ሲሊንደር የተደገፈውን ወጣት አየች፣ ሳቁን አየች። መቃብሩ ላይ ቆማ ስትፈልገው የዋለችው ፊት ነው። እጇ ሳታዝዘው ወደ ስልኩ ሄደ፣ ከዚያ ቀኑን አነበበች፣ የአናጢውን ስም አነበበች፣ ከስር ያለውን ቃል አነበበች።

ሳጅኗ ወደ መስኮቱ ዞረች።

«እኔ ጋ አልሰራም» አለች እትዬ፣ ለማንም ሳይሆን። «እኔ ጋ አልሰራም እኮ።»

ኢንስፔክተሩ የስልክ ኩባንያውን፣ ሁለቱን ቀን፣ ደረጃው ስር የተከማቹትን ትዕዛዞች ቀስ ብሎ አስረዳት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ ሰማይ የተደፋበት ሰው ምን እንደሚመስል አየ፤ ሰውነቷ ሁሉ አነሰ። ሕጉ ምን እንደሚል ሊነግራት ጀመረ፣ እሷ ግን እጇን አነሳችበት።

«ሕጉ ይደርሳል» አለች። «ያ ልጅ ጣቱን እያየ ነው የሚውለው። ነግረኸዋል?»

«አልነገርኩትም። ዛሬ ልነግረው ነው።»

«ተወው። እኔ እነግረዋለሁ።»

ኢንስፔክተሩ መልሱን ራሴ ነው የምነግርህ ብሎ ነበር። ለአፍታ ሊከለክላት አሰበ፣ ተወው። በሩን ከፈተላት፤ እሱ መድረኩ ላይ ቀረ።

እትዬ ግድግዳውን እየያዘች ወደ አግዳሚ ወንበሩ ሄደች። አናጢው አያትና ደነገጠ። ብድግ ብሎ ክንዷን ያዘና ራሱ ጥግ ይዞ ለእሷ ቦታ ለቀቀላት። ዘወትር እሷ የምትሰጠውን የውሃ ጠርሙስ ዛሬ እሱ ከፈተላት።

«ምነው እትዬ? አሁንም ገና ነው አሉዎት?» አላት። «አይስጉ። ያገኙታል።»

እትዬ ወፍራም ጣቶቹን፣ ጫፉ የተቆረጠውንም፣ በሁለት እጇ ሰብስባ ያዘች።

«አግኝተውታል» አለችው።